ከምድር በታች ስለሚቀረው ውኃ፤ ለአዲስ አበባ ወገኖቼ



ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት የእንጦጦን የምንጭ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ካስወረዱበት ዘመን ጀምሮ፥ መዲናችን ጥሟን ለመቁረጥ ባሰበች ቁጥር ዓይኗን የምታነሣው ወደ ሩቅ ነው፤ ገፈርሳ ቢያንስ ለገዳዲ፥ ለገዳዲ ቢያንስ ድሬ፥ እርሱም ቢያንስ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተጨመሩ። በዚህ የደከሙትን አላማም። ነገር ግን ተጣርቶና በብዙ ንዋይ ተገፍቶ ወደ ከተማ ከሚገባው ውኃ ሲሶ ያህሉ፥ ወይ በተሰነጠቀ ቧንቧ ፈስሶ፥ ወይ በስውር ተጠልፎ፥ ወይ ባረጀ ቆጣሪ ሳይቆጠር አልፎ እንደሚቀር እየታወቀ፥ አዲስ ግድብ ከመለመን በፊት በእጅ ያለውን መፈለግ የሚቀድም ይመስለኛል።

የመፈለጊያው ጥበብ ረቂቅ ቢመስልም ምሥጢሩ ሩቅ አይደለም። ከተማይቱ በቀጠና ትከፈልና በየቀጠናው መግቢያ ዋና ቆጣሪ ይተከላል፤ ሕዝቡ በተኛበት፥ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ቆጣሪው አጥብቆ የሚዞር ከሆነ፥ ውኃው በአመዛኙ ወደ ምድር እየገባ ነው። ከዚያ በቧንቧው ላይ በሁለት ስፍራ የተጣበቁ ድምፅ አድማጭ መሣሪያዎች የፍሳሹን ሹክሹክታ አነጻጽረው ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ፥ ቆፋሪውም መንገዱን ሁሉ አያርስም። የእኛ ከተማ ችግር ግን ውኃው በፈረቃ መታደሉ ነው፦ ግፊት የሌለው ቧንቧ ዲዳ ነውና መሣሪያው አንዳች አይሰማም፤ ውኃው በውድቅት ሌሊት የሚመጣለትም ሰው ሮቶውን ለመሙላት ቧንቧውን ከፍቶ ስለሚተኛ የሌሊቱ ልኬት ይሳሳታል። ባዶ የቆየው መሥመር በየስንጥቁ የአፈሩን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውኃው ሲመለስም አየሩ ቀድሞ ቆጣሪውን ያሽከረክራልና ድኻው የነፋስ ሒሳብ ይከፍላል። ስለዚህ የተመረጠው ቀጠና ቢያንስ በልኬቱ ሰሞን ያልተቋረጠ ውኃ ማግኘት አለበት።

ይህ የባለጸጎች አገር ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ፥ በጦርነት የደቀቀችውን የካምቦዲያን ርእሰ ከተማ ፕኖም ፔንን ተመልከቱ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ከምታሰራጨው ውኃ 72 በመቶው ያለ ገቢ ይቀር ነበር፥ የሚታደለውም በቀን 10 ሰዓት ያህል ነበር፤ ኤክ ሶን ቻን የተባለው ሹም ግን ቆጣሪ በየቤቱ አስገብቶ፥ ያረጀውን መሥመር ለውጦ፥ ስርቆትን ከራሱ ሠራተኞች ጀምሮ ቀጥቶ፥ ብክነቱን ወደ 6 በመቶ ገደማ አወረደው፥ ውኃውም ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ሆነ። ዕዳ የነበረበት አንድ ጄኔራል ሽጉጥ ደቅኖበት እንደ ነበር ራሱ ተርኳል፤ ጄኔራሉም በመጨረሻ ከፍሏል። ከመሣሪያው ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

መሣሪያ ብቻውንማ ሰውን አያድንም። እኔ በምኖርባት በዋሽንግተን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 መጨረሻ የውኃው ማከሚያ መድኃኒት ሲለወጥ፥ አዲሱ ቅመም በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረውን እርሳስ ማሟሟት ጀመረ፤ ነገሩ ለሕዝብ በገሃድ የወጣው በ2004 ነበር። ላቦራቶሪ አልጠፋም፤ የተጓደለው መዝገቡን ለባለቤቱ ማሳየት ነበር።

እንግዲህ ከአንድ ቀጠና እንዲጀመር፥ በየወሩም ስንት እንደ ገባና ስንት እንደ ተቆጠረ በወረዳው ሰሌዳ እንዲለጠፍ ጠይቁ። በዚህ አገር በውኃ ሥራ ላይ የተሰማራን መሐንዲሶች ጥቂት አይደለንም፤ በእናንተ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን በእኛ ዘንድ ገና ምሽት ነውና፥ ከሥራ መልስ ተቀምጠን የቆጣሪውን ቁጥር ብንመረምር አይከብደንም።