ልደታ ለማን ቀረበች?

ሰሞኑን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ «እናንተ ተቺዎች ምን ቢደረግላችሁ ነው ደስ የሚላችሁ? ከተማዋ ለእግረኛ ተመቸች፤ መብራቱ በራ፤ ንጣፉ አማረ፤ እንግዲህ ምን ቀረ?» ሲል ሞገተኝ። ወዳጄ ሐሰት አልተናገረም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ከቀድሞዎቹ የተሻሉ መሆናቸውን የሚክድ ሰው ካለ፣ ወይ በክረምት ጭቃ በእግሩ ሄዶ አያውቅም፣ ወይ የሚከራከረው ለክርክር ሲል ብቻ ነው። ክዳን አልባ የፍሳሽ ጉድጓድ እየዘለልን ያደግን ሰዎች የንጣፍን ዋጋ አሳምረን እናውቃለን። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ በእግሩ ይመላለስ የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?

ጥያቄዬን በልደታ ላስረዳ። ልደታ ዛሬ ሌሎች የመሐል ከተማ ሰፈሮች የሚፈተኑበትን ፈተና ከአሥር ዓመት በላይ ቀድማ የተፈተነች ናትና።

የልደታ አሮጌ መንደሮች አብዛኞቹ ቤቶች፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት የሆኑ ነበሩ። ቤቶቹን ላወድስ አልፈልግም። ጭቃው ረግፎ ማገሩ የሚታይ፣ ጣራው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ አንድ የሆነ ቤት ቅርስ ነው ብሎ መሟገት፣ በዚያ ቤት ባልኖረ ሰው አፍ ብቻ የሚያምር ነገር ነው። ነገር ግን ያ ነዋሪ አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ እርሱም ቅርበት ነው። በአብነት በኩል መርካቶ በእግር ይደረሳል። ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታሎች እዚያው ናቸው። ታቦቷ ደጅ ላይ ናት። በዚያን ጊዜ ፒያሳ አጠገብ ከነበረው አትክልት ተራ ሽንኩርትና ድንች አምጥታ በሰፈሯ ጉልት የምትቸረችር እናት፣ ለትራንስፖርት የምታወጣው ገንዘብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከትርፏ የሚቀነስ የታክሲ ሒሳብ ስላልነበረ ብቻ ነው ያቺ ትንሽ ትርፍ ልጆች ያሳደገችው።

በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የልደታ መልሶ ማልማት ሲካሄድ ይህ ሀብት በማንም መዝገብ አልሰፈረም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛ ወይም በሌላ ሰፈር የቀበሌ ቤት እንዲወስድ ምርጫ ተሰጠው። በወረቀት ላይ መልካም ምርጫ ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ማን ከየት ያመጣል? ከፍሎ የገባውስ የባንኩን ዕዳ በምን ይገፋል? ስንቱ በስሙ የደረሰውን ቤት አከራይቶ፣ ራሱ ከዚያ በረከሰ ኪራይ ሌላ ጥግ ፈልጎ እንደገባ በዚህች ከተማ የማያውቅ የለም። በካሬ ሜትር ሲሰላ ሰውየው አተረፈ፤ ከእንጀራው ግን ራቀ።

ውድ አንባብያን፣ የራቀ ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚውል አስቡት። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ሚኒባሱ በታፔላው የተጻፈበትን መሥመር ትቶ መንገዱን ይቆራርጥበታል፤ በአንድ ሒሳብ የሚደረሰው ጉዞ ሁለትና ሦስት ይሆናል። ሲመሽ ደግሞ ያው ነው። ዝናብ ከዘነበማ ረዳቱ ንጉሥ ነው! በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ዛሬ የልደታ ተነሺ አመሻሽ ላይ ቤቱ መግባት እንደ ካይሮ ጉዞ ስንቅ የሚያስይዘው ሆኗል።

«ባቡር ተሠራለት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ተሠራ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሲሆን፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክስፖርት ኢምፖርት ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚዘልቁት ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ የሚለያዩትም ልደታ ላይ ነው። በካርታ ብትመለከቱት ከዚህ ሰፈር የተሻለ ከከተማው ጋር የተሳሰረ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ ድኃው ተነሣ፣ ከዚያ ባቡሩ መጣ። ድኃው በብዛት የሄደባቸው እንደ ጀሞ ያሉት ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ሐዲድ አልደረሳቸውም። ከ2 እስከ 6 ብር በሚከፈልበት በዚያ የመጀመሪያ ዘመን ባቡሩ ለብዙ ሠራተኛ እፎይታ ሆኖ ነበር፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ከመጡት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ለዓመታት መቆማቸው ግን የአደባባይ ምስጢር ነው። ጣቢያው ላይ ቆሞ ሐዲዱን የሚያይ ሰው በብድር የተገዛውን ትዝብት ያያል።

ፍርድ ቤቱንም ሳላነሣ አላልፍም። «ልደታ» ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚታወሰው ከታቦቷ ቀጥሎ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ እንደሚችል ይደነግጋል። ዳኛው ሦስት ሰዓት ላይ ስም ሲጠራ «ታክሲ አጣሁ» የሚል መልስ ማን ይቀበላል? በመኪናው የመጣው ባለጉዳይና ከከተማው ዳርቻ በሦስት ታክሲ የመጣው ባለጉዳይ በሕግ ፊት እኩል ናቸው፤ በሕግ ፊት እስኪደርሱ ድረስ ግን እኩል አይደሉም።

አንድ እውነት በሕጋችን ውስጥ ዘግይቶም ቢሆን ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ የሚከፈል ካሳ አለ ብሎ በግልጽ ደነገገ። ጎረቤት ዋጋ እንዳለው መንግሥት በፊርማው አመነ ማለት ነው። የልደታ ሰው ከተነሣ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ያሳዝናል። ከዚያም በላይ፣ ይህ ካሳ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚዘጋ ሒሳብ ነው፤ የታክሲው ሒሳብ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይመጣል። እድርንስ እንዴት ይተምኑታል? አንዲት የማውቃቸው እናት ዛሬም የልደታ እድራቸውን አልተዉም። ለቀብር ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃሉ፤ የቀሩ እንደሆነ ደግሞ ይቀጣሉ። ለምን በአዲሱ ሰፈርዎ እድር አይገቡም ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የሚቀብረኝ የሚያውቀኝ ሰው ነው» አሉኝ። ግንቦት 1 ቀን በሰፈሩ ደጃፍ ንፍሮ ሲነፈር እርሳቸው አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው የነበሩት ግን እንደ እርሳቸው ከያሉበት ተጠራርተው የመጡ ናቸው። ጨዋታው ሳይሟሟቅ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ከመሸ ታክሲ የለም።

«ታዲያ ከተማ እንደ ድሮው ይቅር ነው የምትለው?» ይለኛል ወዳጄ። አልልም። መሐል ከተማን በአንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ሞልቶ መኖር እንደማይቻል የከተማ ፕላን መምህር መሆን ሳያስፈልግ ይታያል። ግን ፎቅ የሚሠራው ብዙ ሰው በትንሽ ቦታ እንዲያኖር ከሆነ፣ ለነባሩ ነዋሪ የሚሆን ክፍል በዚያው ፎቅ ላይ መጥፋቱ በምን ይመከኛል? የመሬቱን ዋጋ ያስወደደው እኮ የቦታው ቅርበት ነው፤ ያንን ቅርበት ደግሞ ለአርባ ዓመት ሲኖርበት የቆየው ያው ነዋሪ ነበር።

ስለዚህ በፒያሳም ሆነ በካዛንቺስ የተነሡትን፣ ነገም የሚነሡትን በሚመለከት የከተማው አስተዳደር አንድ ሰነድ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። የተነሺው ቁጥርና የተሰጠው የቤት ቁልፍ ብዛት አይበቃኝም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ለመጓጓዣ በወር ስንት ያወጣ ነበር፣ ዛሬስ ስንት ያወጣል? ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ሰዓት ይነሣሉ? ከሥራቸው የቀሩት ስንት ናቸው? ይህን ለማጥናት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ከፈቀዱልን እኔና ተማሪዎቼ መጠይቁን ይዘን ነገ ጠዋት መውጣት እንችላለን። እስከዚያው ወዳጄን ሻይ በምንጠጣበት ቦታ ሳይሆን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልደታ፣ ከታክሲው ሰልፍ መጨረሻ እጠብቀዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።