ጥምቀት በቀኑ ወይስ በቅዳሜው?

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች የሚነሣ ጥያቄ አለ። የሰበካ ጉባኤ አባላት ካላንደር ዘርግተው ጥር 11 በምን ቀን እንደሚውል ያያሉ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሥራ ቀን ከሆነ ግን ስብሰባው ይረዝማል። በዓሉ በዕለቱ ይከበር ወይስ ሕዝብ ወደሚገኝበት ቅዳሜ ይሻገር? የ2018 ዓ.ም. ጥምቀት ማንንም አላስጨነቀም፤ የዋለው ሰኞ ጃንዋሪ 19፣ አሜሪካ የማርቲን ሉተር ኪንግን በዓል በምታከብርበት ዕለት ነው። ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ይውላሉ። ከካላንደሩ ጀርባ ደግሞ ሰፋ ያለ ጥያቄ ቆሟል፦ በስደት ላለ የዛሬ ክርስቲያን ጥምቀት ምኑ ነው? አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ጸሐፊና አንዲት የአሌክሳንድሪያ ጸሐፊ በዚህ ላይ ተሟግተዋል።

ጥር 11 አይነካ
*ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ከተራ በጃንሜዳ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲደምቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። በጆርጂያ አቬኑ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሐበሻ ስልኩን ከፍቶ ታቦታቱ ሲወርዱ ይከታተላል። በዚያች ሰዓት እሱም፣ አዲስ አበባ ያለች እናቱም፣ ጎንደር ላይ ከቀሐ ወንዝ ተጠልፎ በሚሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የቆመው ሕዝብም በአንድ በዓል ውስጥ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር እኅትማማች ነው። እኅትማማችነቱ ከወረቀት ካለፈ፣ ሁለቱ ቢያንስ ጥር 11ን አብረው ቢውሉ ያምርባቸው ነበር።

በዓሉ የሚዘክረው የሆነን ነገር ነው። ወልድ በዮርዳኖስ ውኃ ቆመ፣ አብ በድምፅ መሰከረ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወረደ፤ ሥላሴ በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ቀን ተገለጡ። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ የተጠመቀ ክርስቲያን በየዓመቱ ዳግመኛ አይጠመቅም። በጥምቀት የሚረጨው ጸበል ለበረከትና ለመታሰቢያ ነው። መታሰቢያ ከቀኑ ሲላቀቅ ስብሰባ ይሆናል፤ ጥሩ ስብሰባ ሊሆን ይችላል፣ ግን ስብሰባ ነው።

ይህን ቀን የምትጠብቀው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለችም። የግብፅ ኮፕቶች ጥምቀት ጦቢ 11 ላይ ነው፤ ጦቢ የእኛው ጥር ነው። ሩስያውያንም ጃንዋሪ 19 በረዶ ቆርጠው፣ በቀዘቀዘው ውኃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። የዋሽንግተን ብርድ ሰበብ መሆኑን ለማወቅ እነሱን ማየት ይበቃል። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ያየውን ጥምቀት ጽፎታል፤ ሕዝቡ የገባው ተቆፍሮ በተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ፣ በውርጭ ነበር።

አሜሪካ ራሷ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። የማርቲን ሉተር ኪንግ ልደት ጃንዋሪ 15 ነው። በእ.ኤ.አ. 1983 የወጣው ሕግ በዓሉን ወደ ወሩ ሦስተኛ ሰኞ ወሰደው፤ ከ1986 ጀምሮም በዚያው ይከበራል። ዛሬ ጃንዋሪ 15ን የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ? ሰኞውን ለብዙው ሰው የሚያደምቀው የረዘመው ዕረፍትና የፍራሽ ቅናሽ ነው። ይህችው አገር ጁላይ 4ን ግን ወደ ሰኞ አልገፋችም፤ የገናንም 25ኛ ቀን አልነካችም። ሰው የሚገፋው የሚቀለውን ነው።

«ሥራ አለ» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ በየክረምቱ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ሳምንት ስንቱ ሰው ከስድስት ወር በፊት ፈቃድ ጠይቆ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሆቴል ይዞ ይሄዳል። ለኳስ ኦፍ የሚያወጣ እጅ ለጥምቀት ለምን ይታጠፋል? ሕጉም ከምእመኑ ጋር ነው። ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እሑድ አልሠራም ባለው የፔንሲልቬንያ ፖስተኛ በጄራልድ ግሮፍ ጉዳይ ያለ ልዩነት ሲወስን፣ አሠሪ የሃይማኖት ፈቃድን ለመከልከል በሥራው ላይ ከባድ ጫና እንደሚመጣበት ማስረዳት እንዳለበት አስቀምጧል። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ተማሪ ለሃይማኖቱ በዓል ቢቀር የተፈቀደ መቅረት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም፤ የሚያውቀውም አይጠይቅም።

ሌሊትስ የማን ነው? የጥምቀት ማኅሌትና ቅዳሴ ከጥንትም የሌሊት ነው። ከተራው ከሥራ መልስ፣ ማኅሌቱ ሌሊቱን፣ ቡራኬው ጎሕ ሲቀድ ቢሆን፣ አብዛኛው ሰው ተረጭቶ ወደ ሥራው ይደርሳል።

የሚያስፈራው ጥምቀት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቅዱሳኑ ንግሥ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቅርቡ እሑድ ተጎትቷል። ሚካኤልም እሑድ፣ ገብርኤልም እሑድ፣ ማርያምም እሑድ። እዚህ የተወለደ ልጅ በወር ውስጥ ሠላሳ ቀን እንዳለ፣ ቤተ ክርስቲያን ግን አራት ብቻ እንደምትጠቀም ተምሮ ያድጋል።

ታቦቱ ሕዝብ ወዳለበት ይውጣ
*ከአሌክሳንድሪያ*

የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን ኳሱን ባያነሡት ይሻላቸው ነበር። ፌዴሬሽኑ ጨዋታውን የሰካው በየትኛው ሳምንት ነው? በጁላይ 4፣ አገሩ ሁሉ በሚያርፍበት ሳምንት! አዘጋጆቹ ያበሻ የሥራ ሰዓት ገብቷቸዋል። የሕዝቡን ኑሮ አይቶ ቀን መቁረጥ ሰው እንደሚያመጣ ከዚያ በላይ ማስረጃ አይገኝም።

አሁን ወደ ዮርዳኖስ። ሉቃስ በምዕራፍ 3 እንደሚተርከው ጌታ የተጠመቀው ሕዝቡ ሁሉ በተጠመቀ ጊዜ ነው። ብቻውን፣ ባዶ ወንዝ ዳር፣ ሰው ሥራ በሄደበት ሰዓት አልመጣም። መምህሩ ወደ አገልጋዩ፣ ንጹሑ ወደ ኃጢአተኞቹ ሰልፍ ሄደ። የበዓሉ መንፈሳዊ ጭብጥ ይኸው ነው፤ እግዚአብሔር ሕዝብ በተሰበሰበበት ተገለጠ። መገለጥ ያለ ተመልካች ምን ይባላል?

ማክሰኞ ጧት ማን እንደሚቀር በስም ሳይሆን በሥራ መቁጠር ይቻላል። የፓርኪንጉ ሠራተኛ ይቀራል፤ የዲሲን መኪና ማቆሚያዎች ለዓመታት ያቆመው የሐበሻ ጉልበት መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በናሽናል ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው ይቀራል። አረጋዊት አሜሪካዊትን የምታስታምም እኅት ትቀራለች፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ በቃል ብታውቀውም አሮጊቷን ከአልጋ የሚያነሣላት ሌላ ሰው የለም። ናይት ሺፍት ለሚሠራ ደግሞ «ሌሊት ይሁን» ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ የሱ ሥራ ሌሊት ነው። ፈቃድ ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ያለ ደመወዝ ማደር ሌላ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ስለ ሥርዓት ከተነሣ፣ ሥርዓቱ ራሱ ሲለወጥ የኖረ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው ታቦታቱ በመጀመሪያ በየአጥቢያቸው ወርደው በዕለቱ ይመለሱ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ የአንድ አካባቢ ታቦታት በአንድ ውኃ ዳር እንዲሰበሰቡ አደረገ፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ በከተራ ወርደው እንዲያድሩ ተሠራ። ነገሥታቱና ሊቃውንቱ የለወጡት ሕዝቡን ወደ በዓሉ ለማቅረብ ነው። ዛሬ አንድ ድንኳን፣ አንድ የፕላስቲክ ገንዳና ማሞቂያ ተከራይቶ ቅዳሜ ታቦት የሚያወጣ የቨርጂኒያ አጥቢያ ከዚያ መንፈስ አልወጣም። ወንድማችን የጠቀሱት የአልቫሬዝ ገንዳም ወንዝ አልነበረም።

ሌሎች ክርስቲያኖችም ይህን ጥያቄ መልሰውታል። የአሜሪካ ካቶሊኮች ኤጲፋንያን ጃንዋሪ 6 ላይ ተክለው አላስቀሩትም፤ ከጃንዋሪ 2 እስከ 8 ባለው እሑድ ያከብሩታል። የአሌክሳንድሪያ እኅት ከተማ የጊዩምሪ አርመኖች ደግሞ ልደትንና ጥምቀትን ጃንዋሪ 6 በአንድ ቀን ያከብራሉ። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ለአንድ እውነት የተለያየ ቀን ይዘው ኖረዋል፤ ዮርዳኖስ ግን ለማንም አልደረቀም።

ስለ ብርዱም ለሩስያውያኑ ጤና ይስጥልን። የዋሽንግተን የጃንዋሪ አማካይ የሙቀት መጠን 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀት እሑድ ጃንዋሪ 19፣ 2025 ዋለ፤ በማግስቱ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በዓለ ሲመት ከብርዱ የተነሣ ወደ ካፒቶል ውስጥ ገባ። ያ ሁሉ ጥበቃና ገንዘብ ያለው መንግሥት ወደ ውስጥ ከገባ፣ ነጠላ ለብሰው ጎሕ ሳይቀድ የሚቆሙ እናቶች ቀንና ሰዓት ቢመረጥላቸው ነውር የለውም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ እዚህ ቀሚሱ ካፖርት ሥር ነው የሚውለው።

አንድ ነገር ግን ከብርድም ከሥራም ይበልጣል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አጥቢያዎች በሦስት ረድፍ ቆመው ነበር፦ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር፣ በስደተኛው ሲኖዶስ ሥር፣ ገለልተኛ። በአንድ ጎዳና የሚኖሩ ዘመዳሞች በጥምቀት ቀን ሳይገናኙ የዋሉባቸው ዓመታት ናቸው። ዕርቁ የተፈጸመው እዚሁ ዋሽንግተን ላይ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዕርቅ በወረቀት ላይ ብቻ አይኖርም። የሜሪላንዱ ታቦት የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻግሮ ከቨርጂኒያው ታቦት ጋር በአንድ ሜዳ ቢቆም፣ ካህናቱ በአንድ ዜማ ቢያሸበሽቡ፣ ልጆቹ ቢያዩት፣ የዚያ ዘመን ቁስል የሚሽረው እንዲህ ነው። ይህ በማክሰኞ ጧት አይሆንም። ዩኔስኮም በዲሴምበር 2019 ቦጎታ ላይ ጥምቀትን የመዘገበው ሕዝብ በጎዳና ወጥቶ በአንድነት የሚያከብረው ሕያው ቅርስ ስለሆነ ነው።

ቅዳሴው በዕለቱ ይቀደስ፤ ይህን የሚቃወም የለም። ታቦቱ ግን ቅዳሜ ይውጣ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ጸሐፊ ምላሽ

እኅታችን ነገሥታቱን ጠሩ፤ ጥሩ አደረጉ። ላሊበላ ቦታውን አንድ አደረገ፣ ዘርዓ ያዕቆብ አዳሩን ጨመረ። በዚያ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ጥር 11ን ወደ ሌላ ቀን የወሰደ ንጉሥ ማን ነው? ካህናቱ ሰዓቱን፣ ስፍራውንና ገንዳውን እንደ አገሩ አበጁት፣ ቀኑን ተዉት።

የካቶሊኮቹም ምሳሌ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ቫቲካን ራሷ እስከ ዛሬ የምታከብረው ጃንዋሪ 6ን ነው። አርመኖቹም ቢሆኑ ቀናቸው ከእኛ ቢለይም የያዙትን ቀን አጥብቀው ይዘዋል።

«ቅዳሴው በዕለቱ፣ ታቦቱ ቅዳሜ» የሚለው አስታራቂ ሐሳብ ሲሰሙት ደስ ይላል። ሲሠራ ግን የሚሆነው ይታወቃል፤ ዋናው ቅዳሜ ነው የተባለ ሰው ማክሰኞ አይመጣም። የማክሰኞው ቅዳሴ ለካህናቱና ለጥቂት እናቶች ይቀራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማን ያስቀድሳል ተብሎ ይቀራል። የአስታማሚዋ እኅት ችግር እውነተኛ ነው፤ በቀኑ ለማይደርሱት ጸበሉ እስከ ቅዳሜ ድረስ ይቆይላቸው፣ ካህን ይርጫቸው፣ ዝማሬም ይዘመርላቸው። ለታመመ ቁርባን ይዛ ቤቱ የምትሄድ ቤተ ክርስቲያን ይህን ማድረግ አይከብዳትም። የቀሩት ግን፣ ኦፍ ማግኘት እየቻሉ ያልጠየቁት፣ በአስታማሚዋ ስም አይሸፈኑ።

የሁለቱ ታቦታት መገናኘት የሚያስደስት ነው። ከዲሲ እስከ ቨርጂኒያ ያሉ አጥቢያዎች በአንድ ሜዳ ለመቆም ከወሰኑ የመጀመሪያው ሥራ ቀን መፈለግ አይሆንም፤ ቀኑ አለ። የ2022 ዓ.ም. ጥምቀት ያለ ማንም ጥረት ቅዳሜ ይውላል፤ ያኔ ሁሉም ይሰብሰብ። ከዚያ በፊት ላለው ለ2019 ማክሰኞ ደግሞ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ለምእመናኑ የሚሆን አንድ ገጽ የፈቃድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ፣ በኅዳር ወር በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያድል። አሠሪው የመከልከል መብት ካለው በጽሑፍ ይከልክል፤ ምእመኑ ግን አስቀድሞ ይጠይቅ።