ዘግይቶ መጀመር ነውር ነውን?

ሰው አንድን ሙያ፣ አንድን ጨዋታ ወይም አንድን ትምህርት የሚጀምርበት የተወሰነ ዕድሜ አለን? ያ ዕድሜ ካለፈ በኋላስ ጀማሪ ሆኖ መቅረብ ያሳፍራልን? ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በየክፍላችሁ ከጓደኞቹ በሦስት ወይም በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ዘግይቶ ትምህርት ቤት በመግባቱ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ወንበር የሚጋራ ተማሪ ሳይኖር አይቀርም። ይህ ተማሪ መልሱን እያወቀ እጁን ለማንሣት ያፍራል፤ ያልገባውን ለመጠየቅም «በዚህ ዕድሜው ይህን አያውቅም» እንዳይባል ይፈራል። ምናልባትም ያ ተማሪ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ሊሆን ይችላል።

እኔ በበኩሌ ዘግይቶ መጀመር ነውር አይደለም ባይ ነኝ። የሚያሳዝነው «ጊዜው አልፎብኛል» ብሎ ጨርሶ ሳይጀምሩ መቅረት ነው። ለዚህ አስተያየቴ ማስረጃ የማቀርበው ብዙዎቻችሁ በዐይናችሁ አይታችሁት ከማታውቁት ከጎልፍ ጨዋታ ነው። ይህን ጨዋታ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጀማሪን ድካም እንደ ጎልፍ ገልጦ የሚያሳይ ጨዋታ ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

የዛሬው ጎልፍ ያደገው በስኮትላንድ ሲሆን፣ የሚከናወነውም ሣር በለበሰ ሰፊ መስክ ላይ ነው። ተጫዋቹ ከ45.93 ግራም የማይበልጥ ክብደት ያላትን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል። በሙሉ ሜዳ ላይ 18 ጉድጓዶች አሉ፤ ተጫዋቹም እንደ ርቀቱና እንደ ቦታው ሁኔታ የሚለዋውጣቸው እስከ 14 የሚደርሱ ዱላዎች ይይዛል። አሸናፊው በጥቂት ምት የጨረሰው ነው። እያንዳንዱ ምት ይቈጠራል፤ ኳሷን ለመምታት ሰንዝሮ የሳታት ሰው እንኳ ምቱ ይቈጠርበታል። በእግር ኳስ ደካማው ተጫዋች ከብርቱ ጓደኞቹ ኋላ ሊደበቅ ይችላል። በጎልፍ ግን ሁሉም ቆሞ እያየው ብቻውን ይመታል። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ በጎልማሳነት ጀማሪ መሆን ቀላል ፈተና አይደለም።

የእኔን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ክርክር እንዳላቸው አልክድም። «ልጅ ገና በለጋነቱ የተማረው ከሥጋው ጋር ይዋሐዳል፤ ዘግይቶ የሚነሣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው» ይላሉ። ምሳሌም አያጡም። አሜሪካዊው ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1978 ገና የ2 ዓመት ሕፃን ሳለ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኳስ ሲመታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በ21 ዓመቱ ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር በ12 ምት ብልጫ አሸንፏል። ቀድሞ መጀመር ጥቅም እንዳለው ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም። በልጅነት መጀመር ለሚችል ሁሉ በልጅነት መጀመር መልካም ነው።

ይሁን እንጂ «ቀድሞ መጀመር ይጠቅማል» ማለትና «ዘግይቶ መጀመር ከንቱ ነው» ማለት ለየቅል ናቸው። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሁለተኛው አይወለድም። ይህንንም የሦስት ሰዎች ታሪክ ያስረዳል።

የመጀመሪያው ላሪ ኔልሰን ነው። ይህ አሜሪካዊ ለውትድርና ተመልምሎ በቬትናም ጦርነት ከተካፈለ በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ጎልፍ መጫወት የጀመረው በ21 ዓመቱ ነበር። ቤን ሆጋን የተባለው ታላቅ ተጫዋች የጻፈውን የማስተማሪያ መጽሐፍ እያነበበ አመታቱን አጠና። እ.ኤ.አ. በ1979 በባለሙያዎች ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1987 ፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮንሺፕ የተባለውን፣ በ1983 ደግሞ የአሜሪካ ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር ድል አደረገ።

ሁለተኛው ዮንግ ኡን ያንግ የተባለው ኮሪያዊ ነው። እርሱ ጎልፍን የጀመረው በ19 ዓመቱ ሲሆን፣ መጀመሪያም የተቀጠረው በመለማመጃ ሜዳ ኳስ ለመልቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በፒ.ጂ.ኤ. ሻምፒዮንሺፕ የመጨረሻ ቀን ከፊቱ ይመራ የነበረው ከላይ የጠቀስነው ታይገር ዉድስ ነበር። ዉድስ በታላላቅ ውድድሮች ለመጨረሻው ቀን እየመራ ከገባ ተሸንፎ አያውቅም ነበር። በዚያ ቀን ግን በሕፃንነቱ የጀመረው በ19 ዓመቱ በጀመረው ተሸነፈ፤ ያንግም ከአራቱ ታላላቅ የወንዶች ውድድሮች አንዱን ያሸነፈ የመጀመሪያው በእስያ የተወለደ ተጫዋች ሆነ።

ሦስተኛው ካልቪን ፒት ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚያስተምረን የእርሱ ታሪክ ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ፒት እ.ኤ.አ. በ1943 ተወለደ፤ ያደገውም ከብዙ ወንድሞችና እኅቶች ጋር በችግር ነው። ትምህርቱን አቋርጦ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ ለሚዘዋወሩ የቀን ሠራተኞች በመኪና ሸቀጥ እያዞረ ይሸጥ ነበር። በልጅነቱ የተሰበረው የግራ ክርኑ ደኅና ሆኖ ስላልተጠገነ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር፤ የጎልፍ አስተማሪዎች ደግሞ ዘወትር የሚመክሩት የግራ ክንድ ቀጥ እንዲል ነው። ይህ ሰው ጨዋታውን የጀመረው በ23 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ድል ለማግኘት እስከ 1979 እ.ኤ.አ. መታገሥ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ግን በጠቅላላው 12 ውድድሮችን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ድረስ ለዐሥር ተከታታይ ዓመታት ኳስን ከመነሻው አንሥቶ በትክክለኛው መስመር ላይ በማሳረፍ የሚስተካከለው አልተገኘም። የማይዘረጋው ክንድ ከተዘረጉት ክንዶች ይልቅ አቅጣጫውን አልስት አለ ማለት ነው።

ፒት ወደ ጎልፍ የዘገየው በስንፍና ነው የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አላወቀም። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር «አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ ነው» የሚለውን ደንቡን የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። በዚያ ጊዜ ፒት 18 ዓመቱ ገደማ ነበር። እንግዲህ በልጅነቱ ማን ወደ ሜዳው ይወስደው ነበር? ከዚህ የምንማረው፣ አንድ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ከመሳቃችን በፊት በሩ መቼ እንደ ተከፈተለት መጠየቅ እንደሚገባን ነው። በገጠር ከብት ሲጠብቅ የቆየው፣ ታናናሾቿን ስታሳድግ የቆየችው፣ ትምህርት ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ የሆነበት ልጅ ሁሉ የዘገየው በገዛ ፈቃዱ አይደለም።

የፒት ታሪክ በዚህ አያበቃም። የአሜሪካ ቡድን አባል ሆኖ ራይደር ካፕ በተባለው ውድድር ለመሰለፍ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ይጠየቅ ነበር። ፒት ይህ ማስረጃ አልነበረውም። ስለዚህ ስሙ በየጋዜጣው የሚነሣ ዝነኛ ተጫዋች ከሆነ በኋላ፣ ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ፣ ደብተሩን ገልጦ አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ1982ም ተመጣጣኙን ፈተና ተፈትኖ አለፈ። በ1983 እና በ1985 ለአገሩ ተሰልፎ ተጫወተ። በጎልፍ ዘግይቶ መጀመር ያላሳፈረው ሰው በትምህርትም ዘግይቶ መጀመር አላሳፈረውም። እናንተ ዛሬ የያዛችሁት ትምህርት እርሱ በዚያ ዕድሜው ተመልሶ የፈለገው ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «እነዚህ ሦስቱ እኮ ከብዙ ሺሕ አንድ ናቸው፤ ዘግይቶ የሚጀምር ሁሉ ጀግና ይሆናልን?» ቢለኝ፣ አይሆንም ብዬ እመልስለታለሁ። አብዛኛው ዘግይቶ ጀማሪ ዋንጫ አያነሣም። ቀድሞ ከሚጀምረውም ቢሆን አብዛኛው አያነሣም። የሥራ ዋጋ በዋንጫ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ከጥቂቶች በቀር ማንም ምንም ባልጀመረ ነበር።

የጎልፍ ጨዋታ ራሱ ይህን ተገንዝቦ ሃንዲካፕ የሚባል ብልሃት አበጅቷል። ሃንዲካፕ እንደ ተጫዋቹ ችሎታ ከጠቅላላ ምቱ ላይ የሚቀነስለት ቍጥር ነው። ለምሳሌ ጀማሪው 28፣ የሠለጠነው ደግሞ 4 ሃንዲካፕ አላቸው እንበል። ጀማሪው በ98 ምት ቢጨርስ 28 ሲቀነስ 70 ይሆንለታል፤ የሠለጠነው በ76 ቢጨርስ 4 ሲቀነስ 72 ይሆንበታል። በዚህ ስሌት የዕለቱ አሸናፊ ጀማሪው ነው። የዚህ ደንብ ምስጢሩ ምንድን ነው? ሁለቱም ከትናንቱ ማንነታቸው ጋር መመዘናቸው ነው። ጀማሪው እየተሻለው ሲሄድ የሚቀነስለት ቍጥር እያነሰ ይሄዳል፤ ይህም መሻሻሉን የሚመሰክርለት ነው።

እርግጥ ነው፣ የትምህርት ቤት ፈተና ሃንዲካፕ አይሰጥም፤ ዘግይቶ ለገባውም ቀድሞ ለገባውም ጥያቄው አንድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳችሁ በግል ደብተራችሁ ይህን ሚዛን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ባለፈው ወር ያልገባኝ፣ ዛሬ የገባኝ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ጎረቤት ስንት አገኘ ብሎ ከመጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ዘግይቶ ጀማሪ ከሕፃን የሚበልጥበት ነገርም አለው። ሕፃን የሚማረው ወላጆቹ ስላዘዙት ነው፤ ጎልማሳ ግን ለምን እንደሚማር ያውቃል። ኔልሰን መጽሐፍ አንብቦ አካሉን ማረም የቻለው አእምሮው ስለ በሰለ ነው። ያም ሆኖ መብሰል የሥራን ዘመን አያሳጥርም። ኔልሰን ከጀመረ እስካሸነፈ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል፣ ፒትም ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል ለፍተዋል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ለዘገየ ሰው የተነገረ ይመስላል፤ የዘገየ ሰው ልዩ ፈተናው ያለፈውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ለማካካስ መጣደፉ ነውና።

በአገራችንም የዚህ ምሳሌ አለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፣ ልጅ ወልደው ያሳደጉ እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው ከሚሆኑ ወጣቶች ፊት ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል። ብዙዎቹ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው የጻፉት በዚያ ጊዜ ነው። ዐይናቸው ቢደክም፣ በእርፍና በመጅ የጠነከረ ጣታቸው እርሳስ ለመያዝ ቢቸገርም፣ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አላሉም። ደብዳቤ ለማስነበብ የሰው ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና።

እንግዲህ ከታናናሾችህ ጋር የምትቀመጥ ወንድሜ፣ ከሁሉም ትበልጣለች የምትባዪ እኅቴ፣ ይህን አስቡ። የሚመጡት ዐሥር ዓመታት ብትጀምሩም ባትጀምሩም ያልፋሉ፤ ዕድሜያችሁም በዚያው ልክ ይጨምራል። ልዩነቱ በዚያን ጊዜ ሙያውን ይዛችሁ መገኘታችሁ ወይም ሳትይዙ መቅረታችሁ ነው። ስለዚህ እጃችሁን አንሡ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ከእናንተ የሚያንሰው የሚያውቀውን ከእርሱ ተማሩ።

በጊዜው ለመጀመር የታደላችሁትም ድርሻ አላችሁ። በጎልፍ ሜዳ አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ጀማሪም ቢሆን፣ ኳሷን ቢስታትም፣ ሐሳቡን እንዲሰበስብ ጸጥታውን አይነፍጉትም። በክፍላችሁ አንድ ታላቃችሁ ተነሥቶ ቀላል የሚመስላችሁን ጥያቄ ሲጠይቅ፣ ያን ያህል ጸጥታ ልትሰጡት ይገባል።