ብቻውን የተሟገተ

በሴት አፍቃሪነቱ ስሙ የገነነው ጃኮሞ ካዛኖቫ ዛሬ ከመቃብር ተነሥቶ በመካከላችን ቢገኝ ምን ይገጥመው ነበር? ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ስልክ ያወራሉ። የማያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ በጣት እየገፉ የሚመርጡበት የቲንደር ዘመን ለእሱ ገነት ይሆንለታል ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ስልኩንስ በሁለት ቀን ይለምደው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ተጋፍጦት የማያውቀው ነገር ግን አለ፤ እሱም የሴቶቹ ምስክርነት ነው።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1725 ቬኒስ ውስጥ ከተዋንያን ቤተሰብ ተወለደ። ፓዱዋ ሕግ ተማረ፤ ቫዮሊን ተጫወተ፤ ቁማር ቆመረ፤ ለፈረንሳይ መንግሥት ሎተሪ በማቋቋም ሥራ ተሳተፈ። በ1756 ከከተማዋ ገዢ (ከዶጁ) ቤተ መንግሥት ጣሪያ ሥር ከነበረው እስር ቤት አምልጦ ዝናው አውሮፓን አዳረሰ። በስተርጅና ግን ቦሄሚያ ውስጥ ዱክስ በተባለ ቦታ የአንድ ባላባት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ሆኖ ቀረ፤ እዚያው በ1798 ሞተ። ያንን ብቸኝነት የገፋው የሕይወት ታሪኩን በፈረንሳይኛ በመጻፍ ነው። ወደ 3,700 የሚጠጋ ገጽ ያለውን ይህን የእጅ ጽሑፍ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ከ7 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከፍሎ ወስዶታል። ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ያልፉበታል። ስለ አብዛኞቹ የምናውቀው እሱ የነገረንን ብቻ ነው።

አበው «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም፤ ብቻውን የተሟገተ የሚረታው የለም» ይላሉ። የካዛኖቫ ዝና የቆመው በዚህ ላይ ነው። በወጣትነቱ በቬኒስ ካርኒቫል ወቅት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የመንግሥት ትእዛዝ የያዙ መስለው ወደ አንድ መጠጥ ቤት ገቡ። ባልን ከሚስቱ ለይተው ወደ ደሴት ወሰዱትና ጣሉት፤ ሚስቲቱን ሌሊቱን ተራ በተራ ደፈሯት። እሱ የጻፈው ሴትየዋ ደስ ብሏት አመስግና እንደተለየቻቸው ነው። ባል ግን ለባለሥልጣናት አቤት ብሏል። ደስ ብሎት የተለየ ቤተሰብ ለምን አቤት ይላል? የእሷን ቃል መዝግቦ ያቆየልን የለም፤ ምስጋናዋን የነገረን ደግሞ ራሱ አጥቂው ነው።

በ1765 ሩሲያ ሳለ ደግሞ ልጅነቷን ገና ያልጨረሰች የገበሬ ልጅ በ100 ሩብል ከአባቷ ገዛ። ይህንንም የጻፈው ራሱ ነው፤ የጻፈውም ሳያፍር ነው። ጣሊያንኛ አስተማራት፤ ይዟት ዞረ፤ ከሩሲያ ሲወጣ በዕድሜ ለገፋ አርክቴክት ትቷት ሄደ። የዛሬ ሕግ ይህን በሰው መነገድና ሕፃንን ማስነወር ብሎ ይከስሰዋል። ያኔ ግን ገዢም ሻጭም ወንዶች ነበሩ፤ ልጅቱን የጠየቃት የለም።

ካዛኖቫ ሁሉንም አፍ መዝጋት አልቻለም። ማኖን ባሌቲ የምትባል የፓሪስ ተዋንያን ልጅ ለእሱ ብላ እጮኛዋን ትታ፣ ያገባኛል ብላ ዓመታት ጠበቀችው። የጻፈችለት ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። መቅረቱ እንደሚያስጨንቃት ትነግረዋለች፤ ለምን ዝም እንዳላት እየደጋገመች ትጠይቃለች። በ1760 ታክቷት ሌላ ሰው አገባች፤ ደብዳቤዎቹን መለሰችለት፤ የራሷንም እንዲመልስላት ጠየቀች። ፍራንቼስካ ቡስኪኒ ደግሞ ቬኒስ ውስጥ አብራው የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። በ1783 ከተማዋን ለቆ ከሄደ በኋላ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ችግሯ ጽፋለታለች። የእሱ መጽሐፍ ታሪኩን የሚያቆመው 1774 ላይ ስለሆነ ፍራንቼስካ እዚያ ውስጥ የለችም። ስለ ኪራይ የምትለምን ሴት ከታላቁ አፍቃሪ ተረት ጋር ምን ያገናኛታል? እኔ ግን እውነተኛውን ካዛኖቫ በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ይበልጥ አየዋለሁ።

አሁን ይህን ሰው ወደ ዛሬ እናምጣው። ያኔ አንድ ከተማ ሲጠብበት ሠረገላ ተሳፍሮ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር፤ ራሱን «ሼቫሊዬ ደ ሴንጋል» ብሎ ሾሞ አዲስ ሰው ሆኖ ይገባ ነበር። ዛሬ ግን ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ማኖንና ፍራንቼስካ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ የሩሲያዋ ልጅ አድጋ ፍርድ ቤት ትቆማለች። በጥቅምት 2017 በፊልም አዘጋጁ ሃርቪ ዋይንስቲን ላይ የሴቶች ምስክርነት በአሜሪካ ጋዜጦች ሲወጣ፣ በየአገሩ ስንቶች «እኔም» ብለው እንደተነሡ አይተናል።

ለካዛኖቫ የሚገባውን አልነፍገውም። ከሴት ጋር ቁጭ ብሎ መጫወት፣ አሳቧን ማድመጥ፣ ብልህነቷን ማድነቅ ያውቅ ነበር። በ1749 አብራው ቆይታ በራሷ ውሳኔ የተለየችውን ኦንሪየትን ሲያስታውስ አክብሮቱም ኀዘኑም ከልቡ ነው። ወንዶች ከእሱ የሚማሩት ካለ ይህ ነው። ሴቶችን እንደ ግዳይ መቁጠሩ ግን የሚቀናበት ሙያ አይደለም።

በእኛም መካከል እንዲህ ያለ ፉከራ አለ። ወንዶች ተሰብስበው አንዱ «ጣልኳት» ብሎ ሲተርክ ሌላው ይስቃል፤ እሷ ግን እዚያ የለችም። እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር የሚሰማ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ፦ እሷ ብትኖር ይህንኑ ታሪክ በዚሁ መልክ ትነግረን ነበር? ተራኪው መልስ ካጣ፣ ሳቁን እዚያው ማቆም የአድማጩ ግዴታ ነው።