ለገዛው የተቆለፈ፣ ለቀዳው የተከፈተ

ዲቪዲ ሲነሳ "አሁን ማን ዲስክ ያያል?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ብትገዙ ዲስክ ማስገቢያ እንኳ የለውም። ግን ስልካችሁ ላይ "ይህ ቪዲዮ በአገርዎ አይገኝም" የሚል መልእክት አይታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል። የዚህ መልእክት ታላቅ ወንድም ዲቪዲ ላይ ያለው ሪጅን ኮድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪዲ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ገበያ ላይ ሲወጣ፣ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ዓለምን ለ6 ሸነሸኗት። አሜሪካና ካናዳ 1 ቁጥር ሆኑ። አውሮፓ፣ ጃፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ 2 ተባሉ። ለቻይና 6 ተሰጣት። እኛ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ደረሰን። 1 ቁጥር ዲስክ ለ5 በተሠራ ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት አይከፈትም። ዲስኩም ማጫወቻውም ደህና ናቸው፤ የተሸጠው ለሌላ ሰፈር ነው፣ አለቀ።

እስቲ ይህን ካርታ ይዛችሁ ቦሌ አየር ማረፊያ ሻንጣ መቀበያው ጋ ቁሙ። ከዋሽንግተን የመጣው ሻንጣ 1 ነው፣ ከዱባይ የመጣው 2፣ ከጓንዡ 6፣ ከሙምባይ 5። ዓለምን የሸነሸኑት ሰዎች ቤተሰቡ በአራት አገር ተበትኖ በሻንጣ የሚገናኝ ሕዝብ እንዳለ አላሰቡም።

እኛ ቤት ገርጂ፣ አክስቴ ከቨርጂኒያ በመጣች ቁጥር ያመጣቻቸው ፊልሞች ሳሎን ተደርድረዋል። ሁሉም ከሱቅ በዶላር የተገዙ ናቸው። የቤታችን ማጫወቻ አንዱንም አልቀበልም አለ። የጎረቤታችን ልጅ ግን ሰፈር ካለ ፊልም ጫኝ ቤት ያንኑ ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ያለ ምንም ችግር ሲያይ አመሸ። የከፈለው ሰው ተቆለፈበት፣ ያልከፈለው ተከፈተለት። ይህ ምን ዓይነት ጥበቃ ነው?

ኢኮኖሚክስ ስማር የዚህን አሠራር ምክንያት ተምሬያለሁ። አንድን ዕቃ ሀብታም አገር በውድ፣ ደሃ አገር በርካሽ መሸጥ ለሻጩ ያዋጣል። ርካሹ ዕቃ ተመልሶ ውዱ ገበያ እንዳይገባ ግን አጥር ያስፈልጋል። ሌላም ምክንያት አለ፤ በአንድ አገር ዲስኩ የወጣ ፊልም በሌላው ገና ሲኒማ አልደረሰ ይሆናል። እሺ፣ ይገባኛል። ግን ስሌቱ የሚሠራው ርካሹ ሱቅ ካለ ነው። በአቅማችን ዋጋ የወጣ 5 ቁጥር የሆሊውድ ዲስክ እኔ በበኩሌ መገናኛም ሆነ ቦሌ ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። አጥሩን አጠሩ፣ ሱቁን ግን አልከፈቱም። ክፍተቱን ማን ሞላው? ፊልም ጫኙ።

"ታዲያ ስርቆትን ልትደግፍ ነው?" የሚል ይኖራል። በፍጹም። የአገራችን ፊልም ሠሪዎች በቅጂ ምን ያህል እንደተጎዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም የፈጠራ ሰዎችን መብት ለማስጠበቅ ነው። ግን ሪጅን ኮድ ከዚህ ጋር አይገናኝም። አክስቴ ዲስኩን ስትገዛ የፊልሙ ባለቤት ድርሻውን አግኝቷል። ቁጥሩ የሚቆጣጠረው መክፈላችንን ሳይሆን የት ተቀምጠን እንደምናይ ነው።

ፍርድ ቤትም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞት ያውቃል። ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ ኖርዌያዊ በ1999 (እ.ኤ.አ.)፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ የዲቪዲን ምስጢራዊ ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ከሌሎች ጋር ሠርቶ ለቀቀ። ተከሰሰ። በ2003 የኦስሎ ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው፤ በይግባኝም ነጻ ወጣ። የራሱን ገንዘብ አውጥቶ የገዛውን ፊልም መክፈት ወንጀል አይደለም ተባለ። አሜሪካ ግን እንዲህ ዓይነቱን ቁልፍ መስበር የሚከለክል ሕግ በ1998 አውጥታለች።

መደርደሪያችሁ ላይ እንዲህ ያሉ ዲስኮች ካሉ፣ ዲስክ ማስገቢያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አትጣሉ። ዊንዶውስ ወይም ሌላ ፕሮግራም "ሪጅኑን ልቀይረው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ የኮምፒውተር ማጫወቻዎች ቁጥሩን 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቀይሩት፤ ከዚያ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ተቆልፈው ይቀራሉ። ቆጠራው ያለው ማጫወቻው ውስጥ ስለሆነ ዊንዶውስን እንደገና መጫን አያድንም። መጀመሪያ ቪኤልሲን ሞክሩ። ፓሪስ አቅራቢያ በተማሪዎች የተጀመረ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ አንዳንድ ግትር ማጫወቻዎች ቢያስቸግሩትም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ሳይጠይቅ ያጫውታል።

ስልካችን ላይ ግን እንዲህ ዓይነት መውጫ እየጠበበ ነው። ኔትፍሊክስ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከ130 በላይ አዳዲስ አገሮች ሲገባ ድንበር የጠፋ መስሎን ነበር። ዛሬም ግን የሚታየው ዝርዝር እንደ አገሩ ይለያያል። ዲስኩ ቢያንስ እጃችን ላይ ነበር፤ አሁን ቁልፉም ፊልሙም ያሉት ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው። ለዚያውም የሚከፈለው በዶላር ስለሆነ፣ ብር ይዞ መክፈል የሚፈልግ ወጣት ገና በሩ ላይ ይቀራል።

እኔ ነጻ ፊልም ስጡኝ አላልኩም። በአቅሜና በብሬ ሽጡልኝ ነው የምለው። "በአገርዎ አይገኝም" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ "ታዲያ የት ልግዛው?" ለሚለው ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ የሰጠን ፊልም ጫኙ ብቻ ነው።