ወደ ሐይቅ ዳር ስንሄድ ማን ይዋኛል?

የትምህርት ቤት የክረምት ዕረፍት በቀረበ ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ «ዘንድሮ ቤተ ሰቡን ወዴት እንውሰድ?» የሚለው ሆኗል። ይህን ጥያቄ የሚያነሡትም አግብተው የወለዱ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በአገራችን ልማድ ሥራ የያዘ የመጀመሪያ ልጅ ለታናናሾቹ ሁለተኛ አባት ነውና፣ ደመወዝ መቀበል ከጀመረ ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ወጣት አባቱንና እናቱን፣ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸውን ወንድሙንና እኅቱን ይዞ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃ ዳር ሊያሳርፋቸው ሲያስብ ይገኛል። አሳቡ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ማረፊያውን ሲመርጥ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሆኖ ስላገኘነው፣ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ቃል ልንናገር እንወዳለን።

የሚጠየቀው ምንድን ነው? አልጋው ምቹ ነውን? ዋጋው ስንት ነው? ፎቶግራፍ ሲነሡበት ያምራልን? እነዚህ ሁሉ መጠየቃቸው አይከፋም። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «እዚያ ስንደርስ ማን ይዋኛል? ማን ያበስላል? ማንስ ተቀምጦ ዕቃ ይጠብቃል?» የሚለው ነው እንላለን። የማረፊያው ዓይነት ይህን አስቀድሞ ይወስነዋልና።

በመጀመሪያ ስለ ውሃው እንናገር። «ሐይቅ ምን ያደርጋል፣ ባሕር ነው እንጂ» የሚሉን አሉ። ትልልቆቹ ስለ ምጽዋ ዳርቻ ሲያወሩ ሰምተው ያደጉ ናቸው። ነገር ግን ኤርትራ በ1985 ዓ/ም ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ዳርቻ የላትም። ወደ ጅቡቲ በባቡር መሄድ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ለስድስት ሰው ፓስፖርት ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚህም በቀር ልጆቻችን ከትምህርት የሚያርፉባቸው ሐምሌና ነሐሴ በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ወራት ናቸው። ደጋ ለለመደ አባትና እናት ይህ ዕረፍት ሳይሆን ቅጣት ነው። ስለዚህ የእኛ የባሕር ዳርቻ የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ናቸው ማለት ነው።

ሐይቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደዚያ ነው። ሐይቆቹ ውብ ናቸው፤ ነገር ግን በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀሙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ገደል ነው፤ ጥቂት እርምጃ ገባ ሲሉ መሬቱ ከእግር ሥር ይጠፋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዋና ለማያውቅ ጎረምሳ የሚሆን ቦታ አይደለም። በጫሞ አዞ አለ። በጣናና በዝዋይ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ ጉማሬም አይጠፋባቸውም። ሐዋሳም እንደዚሁ ጉማሬ አለበት።

የሚቀረው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባቱና በአርሲ ነገሌ መካከል ይገኛል፤ ከቢልሃርዚያ የጸዳ ነው ተብሎ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይዋኙበታል። በደቡብ መንገድ ላይ ሆቴል ቤት በመሥራት ስማቸው የታወቀው በቀለ ሞላ ከሠሯቸው ማረፊያዎች አንዱ እዚሁ ነበር። በምዕራቡ ዳርቻ አሸዋው ሰፊ ነው፤ በብዙ ቦታም ውሃው የሚጠልቀው ቀስ በቀስ ነው። ብዙ እናቶች ግን ሲያዩት ይደነግጣሉ። መልኩ እንደ ሻይ ነዋ! «ይህ ጭቃ ነው፣ ልጄን አላስገባም» ያሉ እናት እናውቃለን። መልኩ የደፈረሰው ከቆሻሻ የተነሣ አይደለም፤ ወንዞች የሚያመጡት እጅግ የላመ የአፈር ብናኝ ከታች ሳይዘቅጥ በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚኖርና ነፋሱም ስለሚያናውጠው ነው። ይሁን እንጂ ስለዚህ መልክ የምንለው ሌላ ነገር አለን፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ማረፊያው እንምጣ። ምክር የሚሰጡ ጓደኞች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ «ቤተ ሰብ ብዙ ከሆነ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ፤ ይረክሳል።» እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ምክር ሰምተን፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ሐይቅ ዳር ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለአራት ሌሊት ተከራየን። እንጀራ በመሶብ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ከሰል፣ ምድጃ፣ ድስት፣ የቡና ዕቃ ሁሉ በመኪናው ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሄድን። ወንዶቹ ልጆች ከመኪናው ወርደው ልብሳቸውን ጥለው ውሃ ውስጥ ናቸው። አባታችን ከዛፍ ጥላ ሥር ጋዜጣቸውን ዘረጉ። እናታችንና ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ታናሽ እኅታችን ግን ዕቃ አወረዱ፣ ቤት ጠረጉ፣ ሽንኩርት ላጡ። ቁርሱ ሲነሣ ምሳው፣ ምሳው ሲነሣ ቡናው፣ ቡናው ሲያበቃ እራቱ ይከተላል። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ባልዲ ይዛ ከቧንቧ ስትመለስ አገኘናትና «አንቺ ደግሞ ለምን አትዋኝም?» አልናት። ባልዲውን አስቀምጣ ጥቂት ዐረፍ አለችና «ጋሼ፣ እኛ እኮ ቤታችን ነው ያለነው፤ ቧንቧው ብቻ ነው የራቀብን» አለችን። መልስ አልነበረንም። ለእርሷ የገዛነው የዋና ልብስ ከነወረቀቱ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ጥፋቱ የማን ነበር? ወንዶቹ ልጆች እንዲያግዙ ማዘዝ እንችል ነበር፤ አዘዝንም፤ አንድ ጊዜ ውሃ ቀድተው ጠፉ። ነገሩን በትእዛዝ ብቻ ማቃናት ለአራት ቀን ዕረፍት የሚበቃ ሥራ አይደለም። የእኛ ዋና ጥፋት ምድጃ ያለበትን ቤት መምረጣችን ነው። ምድጃ ካለ በቤታችን ልማድ ሴቶቹ ወደዚያ ይሳባሉ። ስለዚህ በበኩላችን የምንመክረው፣ ክፍሉ ተራ ይሁን፣ አልጋው ይጥበብ፣ ነገር ግን ሦስቱንም ጊዜ ምግብ ሠርቶ የሚያቀርብ ማረፊያ እንዲመረጥ ነው። «ይህማ ውድ ነው» የሚለን ሰው እውነት አለው። እንዲህ ከሆነ አራቱን ሌሊት ሁለት አድርጉት። ሁሉም የሚያርፍበት ሁለት ሌሊት፣ እኩሌቶቹ ብቻ ከሚያርፉበት አራት ሌሊት ይበልጣል። ደግሞም በዓርብና በቅዳሜ ፈንታ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቢሄዱ ብዙ ቦታ ዋጋው ይቀንሳል፤ በሰንበት ከከተማ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከሚመጣው እንግዳም ይድናሉ። (እናቶች የሆቴል ወጥ እንደማይጥማቸው እናውቃለን። የእኛ እናት በሁለተኛው ዓመት ከሆቴሉ ወጥ ቤት ገብተው ሴትዮዋን ስለ በርበሬው ሲመክሩ ተገኝተዋል። ይህ ግን በፈቃዳቸው ነውና ከዕረፍት ይቈጠራል።)

ልጃገረዶችን በተመለከተ ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በአንዳንድ ሆቴል መዋኛው ዳርቻ ከመጠጥ ቤቱ በረንዳ ፊት ለፊት ነው። ቢራ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ ዓይኑ ወደ ውሃው ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ በዚያ መካከል አልፋ ውሃ አትገባም፤ «ራሴን አሞኛል» ብላ ክፍሏ ትቀመጣለች። እኛም «ይህች ልጅ ዕረፍት አትወድም» እንላለን። ስለዚህ ሂዶ ማየት የሚችል ሰው አስቀድሞ ሂዶ ይይ፤ የማይችልም በስልክ ይጠይቅ። ለመዋኛ ከበረንዳው ራቅ ያለ፣ ነገር ግን ከቤተ ሰቡ ክፍል የሚታይ ዳርቻ አለን? ጠባብ ክፍልን ከዚህ ጉድለት ይልቅ በቀላሉ እንታገሠዋለን።

ስለ ክፍሉም ቢሆን፣ ሁሉን በአንድ ትልቅ ክፍል በፍራሽ መደርደር ለሕፃናት ይሆናል፤ ለጎረምሳና ለኮረዳ ግን አይሆንም። ለልጃገረዷ የሚዘጋ በር ያስፈልጋታል። ወንዶቹ ድንኳን መትከል በሚፈቀድበት ግቢ በድንኳን ቢያድሩ ደስታቸው ነው። ርቀቱ ግን የአባት ሳል የሚሰማበት ይሁን። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚፈልገው ከቤተ ሰቡ መራቅን ብቻ አይደለም፤ ሲፈልግ መራቅን፣ ሲፈልግ መመለስን ነው። «ከዚህ ግራር እስከዚያ ጀልባ ድረስ ብቻህን መሄድ ትችላለህ» ሊባልበት የሚችል ሰፊ ዳርቻ፣ ቴሌቪዥንና የመዋኛ ገንዳ ካለው ጠባብ ግቢ ይሻላል። የስልክ ኔትወርክ ደካማ እንደ ሆነም ከመነሣት በፊት ይነገራቸው። እዚያ ደርሰው ሲያውቁት የመጀመሪያው ቀን በኩርፊያ ያልፋል።

ከላይ የተውነውን የውሃውን መልክ አሁን እናንሣው። በላንጋኖ ውሃ ውስጥ እጅዎን እስከ ክርንዎ ቢያስገቡ ጣትዎ አይታይዎትም። ይህ ማለት አንድ ልጅ ራሱ ከውሃው በታች ከገባ፣ ከአጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ አያየውም ማለት ነው። በሁለተኛው ጉዟችን ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ማንሣት ልማዱ ነው። ወገብ በሚደርስ ውሃ ሲጫወቱ ከነበሩት አምስት ልጆች አራቱን ብቻ ቈጠርን። ደግመን ቈጠርን፤ አራት ናቸው። አምስተኛው ከድንኳኑ ጀርባ ሙዝ ሲበላ ተገኘ። እስኪገኝ ድረስ ያለፈችውን ያችን አጭር ጊዜ ግን እስከ ዛሬ አልረሳናትም፤ እናታችንም ከዚያ በኋላ ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም።

የአዲስ አበባ ልጅ አብዛኛው ዋና አያውቅም። በጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ከመታጠብ በቀር ሙሉ ሰውነቱ ውሃ ያልነካው ብዙ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ወሮች በከተማው የመዋኛ ገንዳዎች ጥቂት ትምህርት ማስገባት ከሆቴሉ ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ወጪ ነው። ሆቴሉንም «ውሃውን የሚጠብቅ ዋናተኛ አላችሁን? ላይፍ ጃኬት በልጆች ልክ አላችሁን? ዳርቻው እስከ ስንት እርምጃ ይረገጣል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ስለ አልጋው በሰፊው የሚያብራራና ስለዚህ ግን «ችግር የለም» ብቻ የሚል ሆቴል ካጋጠመን፣ እኛ ስልኩን ዘግተን ወደሚቀጥለው እንደውላለን። ጠባቂ ቢኖርም ባይኖርም፣ ከቤተ ሰቡ አንድ ትልቅ ሰው በተራ ዳር ላይ ይቁም፤ በእጁም ስልክ አይያዝ። ነፋሱ ሲነሣ ሁሉም ይውጣ። የከሰዓቱ ጊዜ ለኳስ ይሁን፤ ወይም ከአውራ ጎዳናው ማዶ ባለው በአቢጃታ ሻላ ፓርክ ሰጎኖቹንና ከሻላ ዳር የሚፈላውን ፍል ውሃ ለማየት ይሁን። አቢጃታ ውሃው እጅግ ስለ ሸሸ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህንም ልጆቹ ቢያዩት ይጠቅማቸዋል።

«ልጆቻችን ውሃ አይወዱም፤ ሰው ነው የሚወዱት» የሚል ቤተ ሰብ ሐዋሳ ቢሄድ እንቀበላለን። በዋርካዎቹ ሥር ማታ ማታ መንሸራሸር፣ በአሞራ ገደል ዓሣ መብላት፣ በባጃጅ መዞር ለዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከአሸዋ ይበልጥበት ይሆናል። ሐዋሳ ግን የሚዞሩበት እንጂ የሚዋኙበት ሐይቅ አይደለምና፣ የዋና ልብሱን እቤት ትቶ መሄድ ነው። ክረምቱን በአያቶች ቤት በገጠር ማሳለፍም የድሮ ልማዳችን ነው፤ እኛ አንነቅፈውም። ነገር ግን እዚያም ወጥ ቤቱ የሴት ልጅ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለ ሆነ ጿሚ ቤተ ሰብ ከጾሙ ፍቺ በኋላ ጳጉሜን ሳይገባ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ይመቸዋል። ስምጥ ሸለቆውም ዝናብ አለው፤ ሆኖም እንደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አይጨልምም። የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ጠይቆ በማለዳ መነሣት፣ ሳይመሽም መድረስ ይገባል።

የመጨረሻው ነገር፣ ምርጫው በአንድ ሰው አይደረግ። የሚከፍለው እኔ ነኝ ተብሎ ለሁሉ መወሰን ለወጣት ባለ ደመወዝ የሚያጓጓ ሥልጣን ነው፤ እኛም ቀምሰነዋል። ዘንድሮ ግን ሦስት የላንጋኖ ማረፊያዎችን ስልክ ቍጥር ጽፈን፣ አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመት ለሞላት ለዚያች እኅታችን ሰጠናትና «አንቺ ደውለሽ ምረጪ» አልናት። ከጎኗ ተቀምጠን አዳመጥን። ስለ አልጋው አልጠየቀችም፤ ስለ ዋጋውም በመጀመሪያ አልጠየቀችም። ስልኩ እንደ ተነሣ፣ «ጤና ይስጥልን፤ ምሳ እናንተ ናችሁ የምትሠሩት?» አለች።