ልጅን ለሕግ ትምህርት ስለ ማሰናዳት



«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» የሚለውን ያባቶቻችንን ቃል የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን በፎገራ ሜዳ የተወለደ ሰው ይህን ሲሰማ ጥቂት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በክረምት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ከዳራቸው አልፈው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውሃው በሸሸ ጊዜም የወሰኑ ምልክት በደለል ተቀብሮ ይገኛል። ውሃው አልቆመምና ሰውን የሚያቆም ሕግ ያስፈልጋል። ቀድሞ ረግረግ ነው ተብሎ ይናቅ የነበረው መሬት ሩዝ ከበቀለበት ወዲህ ዋጋው ከፍ ስላለ፤ የአንድ ክንድ ወሰን ሁለት ቤተ ሰብ የሚያጣላ ሆኗል።

ስለዚህ በወረታና በወንዛዬ አካባቢ «ልጄ የሕግ ሰው ይሁንልኝ» የሚል አባት ቢበዛ የሚያስገርም አይደለም። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምኞቱን ራሱን መመርመር ይገባል፤ ልጁ ለፍርድ እንዲቆም ነውን፤ ወይስ ለአባቱ ክርክር ብቻ እንዲቆም?

አንድ ነገር እናስብ። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰና ሕግን ለመምረጥ ያሰበ ልጅ ለዕረፍት ወደ አባቱ ቤት ይመጣል። አባት ልጁን በእርሻው ዳር አቁሞ ጎረቤት ወሰን እንደ ገፋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነግረዋል። ልጁም በጸጥታ ከሰማ በኋላ «አባዬ፤ ጎረቤታችንስ ምን ይላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አባት ይቆጣል፤ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይላል። የልጁን መልስ ለጊዜው እናቆየውና፤ እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃ ልጅ እንዴት እንደሚሰናዳ እንመልከት።

በአሜሪካ አገር ሕግ መማር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ በሌላ ትምህርት 4 ዓመት ያህል ቆይቶ የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያም 3 ዓመት ሕግ ይማራል። የዚያ አገር የጠበቆች ማኅበርም ለመሰናዶው አንድ የተለየ ትምህርት አልወሰነም። በእኛ አገር ግን ሕግ ራሱ የ5 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎች ጋር ሎጂክን፤ የኢትዮጵያን ታሪክ፤ የሥነ ምግባርንና የእንግሊዝኛን ትምህርት ይማራል። እንግዲህ ያ አሜሪካዊ በ4 ዓመት የሚያሰናዳውን የእኛ ልጅ በአጭር ጊዜ ማሰናዳት አለበት፤ የጎደለውንም የሚሞላለት የወላጆቹ ቤት ነው። ይህን ነገር በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ያነሣነውም ስለዚህ ነው።

ያባቶቻችን ሥርዓት ለዚህ ይረዳናል። ፍትሐ ነገሥትን የሚማር ደቀ መዝሙር ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ አስቀድሞ ንባቡን ያጠራ ነበር፤ ትርጓሜውን የሚቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። በአደባባይም ባላጋራዎች «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ቆሞ መስማት ራሱ ትምህርት ነበር። ዘመናዊው የሕግ ተማሪ ቤት በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ዛሬ የፎገራ ልጅ እስከዚያ መሄድ ግድ አይለውም፤ ከወረታ በስተ ደቡብ በባሕር ዳር፤ በስተ ሰሜንም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማራል። ሆኖም ንባብን ማጥራትና ሙግትን መስማት ዛሬም የመሰናዶው መሠረት ናቸው።

ስለዚህ አንደኛ፤ ልጁ ንባብን ይልመድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 አንቀጾች አሉት፤ ይህን በቃል ለመያዝ የሚደክም ድካሙ ከንቱ ነው። የሚጠቅመው አንዱን አንቀጽ በሚገባ ማንበብ ነው፤ «እና» እና «ወይም» የሚለያዩበትን፤ «ሆኖም» ሲል ሕጉ የሚታጠፍበትን ማስተዋል ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት 106 አንቀጾች ብቻ ስላሉት ከእርሱ ይጀመር፤ ማታ ማታ አንድ አንቀጽ ለቤተ ሰብ ጮኾ ያንብብና የገባውን በራሱ ቃል ያስረዳ።

ሁለተኛ፤ ሁለት ቋንቋ ያስፈልገዋል። በዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ በወረታ ችሎት ግን የሚከራከረው በአማርኛ ነው። በፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣም ሁለቱ ቃላት ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው መሆኑ በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ተደንግጓል። እንግሊዝኛ ያልበረታለት ልጅ ከትምህርቱ ይቀራል፤ አማርኛ የደከመበት ደግሞ ዲግሪውን ይዞ በችሎት ይቸገራል።

ሦስተኛ፤ መስማትን ይማር። ችሎት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጊዜ በዕረፍቱ ወራት ገብቶ ይቀመጥ፤ በአንዱ ገጽ የከሳሽን፤ በሌላው የተከሳሽን ቃል ይጻፍ፤ ዳኛው ሳይፈርድ በፊትም የክርክሩ ጭብጥ ምን እንደ ሆነ በአንድ መስመር ይሞክር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎች ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድዱ ሆነው በቅጽ እየታተሙ ስለሚወጡ፤ የሞከረውን ከእነርሱ ጋር እያስተያየ ይታረም። ሕግ ተማሪ ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ያንን ፈተና በመጨረሻው ዓመት ጥናት ብቻ ማለፍ አስቸጋሪ ነው።

አራተኛ፤ ይህ ምክር ለወንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ወንድሟ መጽሐፍ ሲይዝ እርሷ እንስራ የምታዝል ከሆነ መሰናዶው ለእርሱ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ጋብቻን፤ ፍቺንና የጋራ ሀብትን የሚወስነው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፤ ባልና ሚስት በጋብቻቸው እኩል መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ይህን አንብባ ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ ቤተ ሰቡን ታቀናለች።

አሁን ወደ አቆየነው መልስ እንመለስ። «የማን ልጅ ነህ?» የተባለው ተማሪ እንዲህ ቢል መልካም ነው፤ «የእርስዎ ልጅ ነኝ፤ ዳኛው ግን የማናችንም ልጅ አይደለም። እርሱ ነገ የሚጠይቀኝን እኔ ዛሬ ብጠይቅ ለእርስዎ ይበጃል»።

አባትም ቁጣው በበረደ ጊዜ የይዞታ ደብተሩን አውጥቶ፤ ጎረቤቱንና የአገር ሽማግሌዎችን ጠርቶ ወሰኑን በአንድነት ቢያስለካ፤ ምናልባት ከጠበቀው ጥቂት ያጣ ይሆናል። ነገር ግን የሚያኮራ ልጅ እንዳለው ያውቃል። ለአባቱ ሳያደላ የጠየቀ ልጅ፤ ነገ በወንበር ቢቀመጥ ለባለጠጋም ለዘመድም አያደላምና። ርብ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ምልክቱን ቢወስድ፤ ያን ጊዜ ወሰኑን የሚመሰክሩ ሁለት ጎረቤቶች ይኖራሉ።